ከአዴ ብዙነሽ መደብ ሥር የቆመው ምሰሶ

እኔ ልሙት፣ ከዚህ በታች የማወራችሁ ሁሉ እውነት ነው። ዘለቀ ይሙት፤ ዘለቀ እኔው ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ በጅማ መንገድ ላይ ሎንቺና የነዳሁ ሰው ነኝ፤ ሎንቺና የነዳ ሰው ደግሞ ያጋንናል ተብሎ ስለሚታማ፣ ሐሜተኞቹን ለማሳፈር ስል ዛሬ ቅንጣት አልጨምርም። ከጨመርኩ እዚሁ ብዕሬን እንደያዝኩ ደርቄ ልቅር። ይኸው አልደረቅሁም፤ እንቀጥል።

ከተማ ምን እንደሚበላ አስባችሁ ታውቃላችሁ? እናንተ አራተኛ ፎቅ ላይ መስኮት ከፍታችሁ ነፋስ የምትቀበሉ ሰዎች፣ ያ ፎቅ ከሰማይ የወረደ ይመስላችኋል። አልወረደም። ከእኛ ነው የሄደው። ድንጋዩ ከቡራዩ፣ ሠራተኛው የሚጠጣው ውሃ ከሱሉልታ፣ አሸዋው ከሰበታ ጀርባ ካለው ከእኛው ኮረብታ። አዲስ አበባ ወደ ላይ አንድ ክንድ ባደገች ቁጥር እኛ ዘንድ ወደ ታች አንድ ክንድ ይቆፈራል። ፎቅ ማለት የተገለበጠ ጉድጓድ ነው።

ከተማዋም ብትሆን ውለታ አትረሳም። ኮረብታችንን ወስዳ ፋብሪካ ትልክልናለች። ምርቱ ለእናንተ፣ ትራፊው ለእኛ። እኛ ሰፈር ገደሉ ዳር ይህ ትራፊ ተራራ ሆኖ ነበር። ከብረት ማቅለጫው የሚደፋው ጥቁር ዝቃጭ አለ፤ ይቅርታ አድርጉልኝና እኛ የብረት አር ነው የምንለው። ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ምድጃ የሚጠረገው የድንጋይ ከሰል አመድ አለ። ከሁሉም የከፋው ደግሞ የቆዳ ፋብሪካው ፀጉር ካራገፈበት በኋላ የሚጥለው ኖራ ነው። የኖራውን ሽታ በጽሑፍ ማስረዳት አይቻልም። አንድ ምሽት ጅብ በአንድ እግሩ አፍንጫውን ይዞ በሦስቱ ሲሸሽ በዓይኔ አይቻለሁ። ይህችን ማመን ካቃታችሁ ገና ብዙ ይቀራችኋልና ከአሁኑ ተለማመዱ።

ነገሩ የሆነው በማስተር ፕላኑ ሰሞን ነው። ኮረብታችንን ስትበላ የኖረችው ከተማ አሁን ራሷ ልትመጣ ነው ተባለ። ቀበሌ ሲጠየቅ ሌላ ይላል፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሌላ ይወራል፣ ዓለም ገና የሚቆሙት የሚኒባስ ወያሎች ዘንድ ደግሞ ሦስተኛ ወሬ ይሸጣል። ከወሬዎቹ ሁሉ ሰውን እንቅልፍ የነሳው ግን አንዱ ነበር፦ ሰው የለቀቀው ቤት ባለቤት እንደሌለው ተቆጥሮ ለከተማው ይገባል የሚለው። ማን እንዳለው አይታወቅም። ያልሰማው ግን የለም። ልጆቹ የጅማን መንገድ በድንጋይና በግንድ ይዘጉታል፤ ወታደሮች መጥተው ይከፍቱታል፤ እንደገና ይዘጋል። መንገድ እንደ ሱቅ በር ሲከፈትና ሲዘጋ ያየሁት ያኔ ነው። አምስት ሰው አንድ ላይ ከቆመ ያስጠረጥራል። እኔ ብቻዬን ወፈር ብዬ ስቆም እንኳ ይገላምጡኝ ነበር።

ጎረቤቴ ኦቦ ገመቹ ደግ ገበሬ ነው። ጉድለቱ አንድ ብቻ ነው፤ ስለ ጭቃ አዳምን ከሠራው በላይ አውቃለሁ ይላል። በሰፈራችን ያልመረገው ግድግዳ የለም። ከቤቱ ጀርባ ያለውን የኮረብታ ወገብ ለማርቆስና ለጓደኞቹ አከራይቶ ነበር። ማርቆስ የወላይታ ልጅ ነው፤ ለፋብሪካ ሥራ መጥቶ፣ ከፋብሪካው ወጥቶ፣ ተደራጅቶ አሸዋ አውጪ የሆነ፤ እሑድ እሑድ ደግሞ በቸርቹ መዘምራን ፊት የሚቆም ቀጭን ሰው ነው። ከላይ ያለው ቋጥኝ አልቆፈር ስላላቸው ከጎን ሰርስረው ገቡ። የዋሻውን ጣሪያ በባሕር ዛፍ ባላ እየደገፉ፣ አሸዋውን እየተከተሉ ሄዱ። አሸዋ ደግሞ አጥር አያውቅም።

አንድ ቀን የኦቦ ገመቹ ሚስት አዴ ብዙነሽ ከመደቧ ሥር ኳ ኳ የሚል ሰማች። አይጥ ነው ብላ ተወችው። አይጡ ግን ሳለ። እሷም ዘነዘናዋን አንስታ ወለሉን ወገረችው። ከታች የነበሩት ማርቆስና ጓደኞቹ ጣሪያው መጣብን ብለው አካፋቸውን ጥለው በረሩ፤ ወጥተው ቀና ሲሉ የዘነዘናው ውገራ የሚሰማው ከኦቦ ገመቹ ቤት ውስጥ ነው። ስንት ጊዜ ሙሉ ከሰው መኝታ ሥር ሲቆፍሩ እንደኖሩ የገባቸው ያኔ ነው። ገብተው ሲያዩም ባላው በእርጥበት በስብሷል፤ ላይ ቤት ደግሞ ግድግዳው ከማዕዘኑ እስከ መስኮቱ ተሰንጥቋል።

ማርቆስ ታማኝ ሰው ነው፤ አልደበቀም። ጣሪያው እስኪደገፍ ቤቱን ልቀቁ አላቸው። አዴ ብዙነሽ መደቧ ላይ ወጥታ ተቀመጠችና «ሂን ባኡ» አለች። አልወጣም ማለቷ ነው። ባዶ ቤት ለከተማ ይገባል ተብሏላ። ማስተር ፕላን ከፊት፣ ጉድጓድ ከሥር፤ እሷ መሃል። ባሏ ለመነ፣ ተቆጣ፣ ሽማግሌ ላከ፤ ሽማግሌው እኔ ነበርኩ፤ ቂጣዋን በልቼ ተመለስኩ። በመጨረሻ ኦቦ ገመቹ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ «እኔ ጉድጓድ ላይ አልተኛም» ብሎ መንደር እየሰማው ማለ፤ ሄዶም ከአውድማው አጠገብ ካለው የጭድ ክምር ውስጥ ገባ። ባል ጭድ ላይ፣ ሚስት ባዶ ላይ። እንዲህ ያለ ኑሮ የትኛው ፕላን ላይ እንደሚገኝ እንጃ።

መደገፊያው አዲስ ባላ ነበር። ግን ባላ ከየት ይምጣ? ያለው ግንድ ሁሉ የጅማ መንገድ ላይ ተጋድሟል። ከወሊሶ በኩል ባሕር ዛፍ ጭኖ የመጣው ሾፌር መንገዱን አይቶ ዞሮ ሄደ። እኔም ብሆን እዞር ነበር። ማርቆስ ጋ የቀረችው ጥቂት ከረጢት ሲሚንቶ ናት፤ እሷም ለአንድ ደረጃ አትበቃም።

መላውን ያመጣችው የቤቱ ልጅ ጫልቱ ናት። ጫልቱ ዩኒቨርሲቲ ኢንጂነሪንግ ትማራለች፤ ትምህርቱ በረብሻው ስለቆመ ቤት መጥታ ከእናቷ ጋር መደቡ ላይ ነበረች። ገደሉ ዳር ወርዳ ያንን የፋብሪካ ትራፊ በእጇ እያሸች ብዙ ቆየችና እናቴን የሚያድናት ይሄ ነው አለች። ዝቃጩ ተሰባብሮ፣ አመዱና ኖራው ከሲሚንቶዋ ጋር ተቀላቅሎ በማዳበሪያ ከረጢት ይሞላል፤ ከረጢቱ በእርጥቡ ከዋሻው ወለል እስከ ጣሪያው ይደረደራል፤ እዚያው ይደርቅና ምሰሶ ይሆናል። ሰው ሁሉ ተሳሳቀ። እኔ ግን ደስ አለኝ። እስከዚያ ቀን ፋብሪካው ለእኛ ብሎ የሠራው ነገር እንዳለ አላውቅም ነበራ።

ይህን ያህል ዝቃጭ በአህያ ማመላለስና መርገጥ ደቦ ይጠይቃል። ደቦ ደግሞ ሰው ይሰበስባል። በዚያ ሰሞን አካፋና ዶማ ይዞ ኮረብታ ላይ የተሰበሰበ ወንድ ጭቃ ልረግጥ ነው ቢል የሚያምነው ማን ነው? ሰው ሲሰበሰብ ማንም የማይናገረው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ እሱም ለቅሶ ነው። ከዕድር ድንኳን ተበደርን። ጓሮው ላይ፣ የዋሻውን አፍ ሸፍነን ተከልነው። ወንዱ ነጠላውን አዘቅዝቆ በድንኳኑ ደጅ ይገባል፤ በጓዳው በኩል ወደ ዋሻው ይወርዳል። በዚያ ሰሞን እውነተኛው ድንኳን በዝቶ ስለነበር የእኛን የተጠራጠረ አልነበረም። ይህችን ስጽፍ አልሳቅሁም።

ከታች ያለውን ደቦ ብታዩት! ቦቲ ጫማ ያደረገ ሰው ሁሉ እንደ በሬ እየዞረ ይረግጣል፤ ኖራው ቆዳ ይልጣል ብላ ጫልቱ ባዶ እግር ከልክላለች። ግን ደቦ ያለ ዘፈን አይተን አናውቅም። ድምፅ ከተሰማ ሁላችንም ወደ ሌላ ዓይነት ጉድጓድ ነን። ስለዚህ ያ ሁሉ ጎልማሳ ጥርሱን ነክሶ፣ በአመድ እንደ ሐውልት ነጥቶ፣ በዝምታ ይረግጣል። ሲሰቃይ የነበረው ማርቆስ ነው። እግሩ ምት ሲይዝ ጉሮሮው አልታዘዘው አለ።

ላይ ድንኳኑ ውስጥ፣ ጓሮም ቤት ነው ብላ ለቀን ብቻ ከመደቧ ከወረደችው ከአዴ ብዙነሽ ጋር የተቀመጥኩት ሐዘንተኛ እኔ ነበርኩ። ጉልበቴን ያመኛል ብዬ ነው። ቀትር ሲል መንገድ ጠባቂዎቹ ወታደሮች መጡ። አለቃቸው ለስለስ ያለ ልጅ ነው፤ ቆቡን አወለቀና አዴ ብዙነሽ አጠገብ በርከክ አለ።

«እናቴ፣ ማን ነው ያረፈው?»

እኛ ሟች ማዘጋጀት ረስተናል። ሁሉንም አስበን፣ ድንኳን ተክለን፣ ንፍሮ ቀቅለን፣ ሟቹን ረሳን። አዴ ብዙነሽ ዓይኗን እንኳ አላርገበገበችም።

«ባሌ ነው።»

«ነፍስ ይማር። ተቀበሩ?»

«ከመሬት በታች ነው ልጄ። ጠዋት ነው የገባው።»

ሴትየዋ አንዲት ቃል አልዋሸችም። ኦቦ ገመቹ በዚያች ደቂቃ ከእግራችን ሥር እስከ ጉልበቱ ዝቃጭ ውስጥ ነበር። ወታደሮቹ ተቀመጡ፤ ንፍሮ ቀረበላቸው። ታዲያ ከታች ሲረገጥ ሳህኑ ላይ ያለው ንፍሮ መዝለል ጀመረ። አንዷ ባቄላ ተፈናጥራ የአለቃው ጉልበት ላይ አረፈች። ልጁ ባቄላዋን አየ፣ እኔን አየ። ፋብሪካው ነው ልጄ፣ ሲሠራ እንዲህ ያንቀጠቅጠናል አልኩት። ፋብሪካ ላይ ያልተሳበበ ምን አለ? አመነ።

ማርቆስ ያበቃለት ያኔ ነው። ከመሬት ውስጥ፣ ከሩቅ፣ ቀጭንና የሚያምር «ሃሌ ሉያ» መጣ። ከኋላው የደቦው ወንድ ሁሉ ተቀበለው። ለሰዓታት ታፍኖ የቆየ ድምፅ ስለነበረ ድንኳኑ ሽቅብ ተነፋ። እኔ ጸሎቴን ጨረስኩ። አለቃው ቀስ ብሎ ተነሣ፤ አማተበ፤ ሁለት እጁን ዘርግቶ የአዴ ብዙነሽን እጅ ያዘ።

«እናቴ፣ አያልቅሱ። ባልዎ ጥሩ ቦታ ነው የገቡት።»

ሄዱ። አካፋ የያዘ ሰው እንኳ ዞረው አላዩም።

እዚህ ላይ ታሪኩ ቢያልቅ ምንኛ ባማረ ነበር! ግን ከወታደር ያመለጠ ነገር ከአዋቂ አያመልጥም። ወደ ማምሻው ድብልቁ ተዘጋጅቶ ከአዴ ብዙነሽ መደብ በታች ባለው የዋሻው ሆድ ውስጥ ተከመረ። ጫልቱ ማዳበሪያዎቹን ይዛ ሙሉ፣ አሁኑኑ ሙሉ ትላለች። አባቷ አመዱን ከጺሙ እያራገፈ ፈገግ አለ። ያልበሰለ ጭቃ ግድግዳ ላይ እንደሚያዋርድ የማያውቅ ማን ነው? ጭቃ ተረግጦ፣ ጭድ ተነስንሶበት፣ ተሸፍኖ ማደር አለበት። እናንተም ቤት አስመርጋችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ። በዕድሜ የገፋን ሁሉ ከኦቦ ገመቹ ጋር ሆንን።

«አባዬ፣ ይሄ ጭቃ አይደለም» አለች ጫልቱ።

«ምንድን ነው ታዲያ?»

«ድንጋይ ነው። ለጊዜው ስለረጠበ ነው።»

«ድንጋይ ከሆነማ ነገም ድንጋይ ነው። ማን ይሰርቀዋል?»

ሳቅን። ኮባ ቅጠል አልብሰነው፣ እንደ ሕፃን እንቅልፍ ተመኝተንለት ወጣን።

በማግስቱ ወረድን። ቅጠሉን ገለጥን። እውነትም ማንም አልሰረቀውም። የዝሆን ጀርባ የሚያህል አለት ሆኖ ተጋድሟል። የማርቆስ አካፋ መሃሉ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ለሦስት ሆነን ጎተትነው፤ መያዣው ተሰብሮ እጃችን ላይ ቀረ፤ ምላሱ እስከ ዛሬ እዚያ አለ። የኦቦ ገመቹ ቀኝ ቦቲም አፉን ወደ ላይ ከፍቶ ቀርቷል። አለቱ ጠንካራ ነው፤ ምን ዋጋ አለው፤ ከጣሪያው በአንድ ሰው ቁመት ያንሳል። ምንም ሳይደግፍ የተኛ ምሰሶ። ቆመን ስናየው ከጥግ ያለው አንዱ ባላ ጠቅ አለ፤ ከጣሪያው አሸዋ እንደ ውሃ ፈሰሰ። ሁላችንም ሮጠን ወጣን። ጉልበቴን የሚያመኝ እኔ ነኝ ቀድሜ የወጣሁት።

ድንኳኑ ውስጥ ተሰበሰብን። ጫልቱ አባቷን አልወቀሰችም፤ ያ ነው የባሰው። አህያ እንደገና ይለመናል፣ ዝቃጭ እንደገና ይሰበራል፤ እስከዚያ ጣሪያው ይታገሥ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ኦቦ ገመቹ መደቡ ላይ ያለችውን ሚስቱን ለመጨረሻ ጊዜ ለመነ።

«ሃዳ ጫልቱ፣ የልጄ እናት፣ ተነሺ። ቤቱን ይውሰዱት። እኔ ልጅሽን ምን እላታለሁ?»

«ቤቱን ሠርተህ ያስገባኸኝ አንተ ነህ፣ አባ ጫልቱ። አንተ ጭድህ ውስጥ ተኛ፤ አንዳችን ቤት እንገኝ» አለችው፤ ቁጣም አልነበረባት።

ኦቦ ገመቹም በአንድ ቦቲ እያነከሰ ወደ ጭድ ክምሩ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ የሆነው የዕድር ተአምር ነው። ለቅሶው ተራዘመ። የኦቦ ገመቹን መሞት የሰሙ ዘመዶቹ ከቡራዩና ከሱሉልታ፣ መንገድ ተዘግቶ በእግራቸው፣ ደረታቸውን እየደቁ መጡ። ገና ከደጅ ወየው ሲሉ ሟቹ ራሱ አህያ እየነዳ ተቀበላቸው። አንዷ አክስቱ ይህን ሁሉ መንገድ በከንቱ አልመጣሁም ብላ ከመደንገጧ በፊት አልቅሳ ጨረሰች። ሁሉም ለቅሶውን እንደጨረሰ ማዳበሪያ ተሸከመ። በዚህኛው ጊዜ ጫልቱ አለቱ ላይ ወጥታ ቆመች፤ ድብልቁ እንደተረገጠ እየተሞላ፣ እየተቀባበለ፣ ያ በከንቱ የተኛው የዝሆን ጀርባ መሠረት ሆኖ ከረጢቱ በላዩ ተደረደረ፤ ጣሪያውን እስኪነካ፣ በዝቃጭ ስብርባሪ እስኪወተፍ ድረስ። አባቷ ማብሰል የሚል ቃል አልወጣውም። እሷ ዝም ስትል እሱ ያቀብል ነበር፣ እሷ ስትናገር ይሸከም ነበር።

ሲደርቅ አዴ ብዙነሽ ዘነዘናዋን አነሣች። እኛ ከታች ሆነን አንጋጠጥን። ወገረችው፤ ደግማ ወገረችው። ከጣሪያው አንዲት ፍሬ አሸዋ አልወረደችም። ያን ዘነዘና እናንተ ፎቅ ላይ ብታሳርፈው ለሚደርሰው ጉዳት ኃላፊነት አልወስድም። ከዚያም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ሙቱ ይነሳና ወደ ቤቱ ይግባ በሉት አለች። ኦቦ ገመቹም ጋቢውን ከጭድ አራግፎ ገባ።

ጥቂት ቆይቶ ማስተር ፕላኑ ቀርቷል ተባለ። የቀረው ምኑ እንደሆነ እስከ ዛሬ የሚከራከሩ አሉ፤ እኔ ግን ጉዳዬ አይደለም። ማርቆስ ቅሬታ አለው፤ ምሰሶው ያረፈው ከሁሉ በሚያምረው አሸዋ ላይ ነው፣ አካፋዬም ውስጡ ነው ይላል። ዝናብ ሲጥል የቆዳ ፋብሪካው ሽታ በወለሉ ይወጣል፤ እንግዳ ከመጣ አዴ ብዙነሽ ወደ ባሏ ታያለች። ፋብሪካዎቹም መድፋታቸውን አልተዉም። አሁን ግን ስንሳደብ ቀስ ብለን ነው፤ ደግሞ ያስፈልገን ይሆናላ።

እንግዲህ በሕይወቴ ምዬ የለ፤ ብዕሬን ሳላስቀምጥ አንዲት ትንሽ ነገር መፍጠሬን ልናገር። ጅቡ እውነት ነው። ባቄላዋም እውነት ናት። ያልሆነው ይሄ ነው፦ ጭቃው ድንጋይ ሆኖ ባገኘነው ቀን ኦቦ ገመቹ ወደ ጭድ ክምሩ ተመለሰ ብያችኋለሁ። አልተመለሰም። ጋቢውን ይዞ፣ ባላው ከሥር እየጮኸ፣ ምንም ምሰሶ ሳይኖር፣ ወደ ቤቱ ገብቶ ከሚስቱ አጠገብ ተኛ። ሥራው እስኪያልቅም እዚያው ነበር ያደረው፤ በመጨረሻ ጋቢውን ከጭድ አራግፎ ገባ ያልኩትም የዚሁ ጭማሪ ነው። ጉድጓድ ላይ አልተኛም ብሎ መንደር ፊት ስለማለ፣ ስታወራው ጭድ ውስጥ ነበር በል ብሎ ለመነኝ፤ እኔም እስከ ዛሬ እንደዚያው ሳወራ ኖርኩ።

ለምን ገባህ ብዬ ጠይቄው ነበር።

«ጭዱ ያሳክካል» አለኝ።

አውድማ ላይ ተወልዶ፣ አውድማ ላይ ያረጀ ሰው።